ቃል የሌለው ዘፈን

«ቃል የሌለው ዘፈን አላችሁ?» አለች ዱርሲቱ፣ የሱቁን በር እንደያዘች።

ያኔት ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። ልጅቷን ታውቃታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጊንጪ በኩል መጥታ ዘጠነኛ ቢ የገባችው ናት፤ ኋላ ወንበር ትቀመጣለች፣ ከማንም ጋር አታወራም።

«ክላሲካል ማለትሽ ነው?»

«ስሙን እንጃ። ብቻ ሰው የማይናገርበት ይሁን። መንገድ ላይ ስልክ ይፈትሻሉ። ዘፈን ካገኙ ‹ምንድነው የሚለው?› ይላሉ።»

ያኔት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ታኅሣሥ 2008 ነበር። ማስተር ፕላኑ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን የገበሬ መሬት ሊወስድ ነው በሚል የተነሳው ተቃውሞ በአምቦ መንገድ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ሲያዘጋ ከርሟል። ቡራዩ አስፋልቱ ላይ ወታደሮች ሚኒባስ እያስቆሙ የወጣቶችን ስልክ ይቀበላሉ፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይሰማሉ። ያልወደዱት ዘፈን የተገኘበት ልጅ ከመኪናው ይወርዳል።

ሱቁ የያኔት አባት የገብረየስ ነው። በሚሞሪና በፍላሽ ዘፈን ይጭናል። ገብረየስ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ድምፅ ሲያስተካክል ነበር ጃዝ የያዘው፤ ከዚያ ወዲህ አለቀቀውም። ኮምፒውተሩ ላይ ከስልሳ በላይ አልበም አለው። «ኦቦ ገብሬ» እያለ የሚወደው የሰፈሩ ሰው ግን ከእነዚያ አንዱንም ጠይቆት አያውቅም። ሰሚዎቹ እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። ያኔት አንዴ ክፍል ውስጥ ስለ ጃዝ ብታወራ «የሽማግሌ ሙዚቃ» ብለው ስቀውባታል።

«ክላሲካሉን ተዪው፣ ጃዝ እሰጥሻለሁ» አለች።

«ጃዝ ምንድነው?»

«ስትሰሚው ይገባሻል» አለች ያኔት። በደስታ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

መጀመሪያ አባቷ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደውን የሳክስፎን አልበም ጫነችላት። ዱርሲቱ በሁለተኛው ቀን እረፍት ሰዓት ላይ መጣች።

«ሰውዬውን ምን አስቆጣው?»

«የቱን ሰውዬ?»

«ያንን ጥሩምባ የሚነፋውን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮሃል አቦ!»

ያኔት በሚቀጥለው ቀን በጣም ረጋ ያለ የፒያኖ አልበም ሰጠቻት። ዱርሲቱ አሁንም ራሷን ነቀነቀች። «ይሄኛው ደግሞ ሐኪም ቤት ተራ የምጠብቅ አስመሰለኝ። ይደብራል።»

ያኔት ትንሽ ከፋት። ማታ ስታስበው ግን ጥፋቱ የራሷ ነበር፤ የምትሰጣት እሷ የምትወደውን ነው እንጂ ስለ ዱርሲቱማ አንድም ነገር አልጠየቀችም። በማግስቱ ከክፍሉ ጀርባ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት።

«እናንተ ጋ ሰርግ ላይ ምን ትወጂ ነበር? የቱ ጋ ሲደርስ ነው እግርሽ የሚነሳው?»

ዱርሲቱ ቡራዩ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ወሬ አወራች። «አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። እኔ የምወደው ግን ሊቀበሉ ሲሉ ነው። ሁሉም አንድ ላይ አየር ይስባሉ… ያቺን። በሰፈራችን የሚያወጣው ወንድሜ ዲሪርሳ ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ። ፈተና ላይ ነው» አለች ፈጠን ብላ።

ያኔት የደብተሯ ጀርባ ላይ «አንዱ የሚያወጣ፣ ሌሎቹ የሚቀበሉ፣ መሐሉ ትንፋሽ ያለው» ብላ ጻፈችና አልበሞቹን መፈተሽ ጀመረች። ሦስት ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ አንድ ትራምፔት የሚያወጣበት፣ አራት ሰዎች የሚቀበሉበት፣ ስምንት ሙዚቃ ያለው አልበም አገኘች።

«ይሄ ገባኝ!» አለች ዱርሲቱ እየሮጠች መጥታ። «አምስተኛው ላይ ያልኩሽን ትንፋሽ ይስባሉ። ሰምተሽዋል?»

ያኔት አልበሙን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች፤ ትንፋሹን ግን ሰምታው አታውቅም። ቤት ገብታ ብታዳምጠው እውነትም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው መቀመጥ ለመዱ።

በሳምንቱ የዱርሲቱ ሚሞሪ ቫይረስ ገባበት። ያኔት ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠች፣ ሚሞሪውን አጸዳች፣ መልሳ ጫነችላት። ቅጂውን «ዱርሲቱ» ብላ አስቀመጠችው።

ዓርብ ዕለት ዱርሲቱ ዓይኗ አብጦ ሱቁ መጣች። የምትኖረው ከአክስቷ ከተረፈች ጋር ነው፤ ተረፈች ፍተሻውን ፈርታ ሚሞሪውን ከሰል ምድጃ ውስጥ ጨምራዋለች።

«ጃዙ ጠፋ» አለች ዱርሲቱ።

«ለሱ ነው እንዴ የምታለቅሺው? ቁጭ በይ፣ አሁኑኑ እጭንልሻለሁ።»

«ተዪው። ያው አይሆንም» ብላ ወጣች።

ያኔት ግራ ገባት። ግን ውስጧን ደስ አላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰው ለጃዝ እንዲያለቅስ አደረግኩ አለች ለራሷ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ሲሰማ ዋለ። ማክሰኞ ሱቆች ሲከፈቱ፣ ከነሱ ሦስት በር አልፎ ያለው የሀሰኖ ቪዲዮ ቤት አልተከፈተም። ሀሰኖን ወታደሮች ከነኮምፒውተሩ ወስደውታል።

ገብረየስ ገብቶ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደው። «ያኔት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እይ። በኦሮምኛ የተዘፈነ ምንም እንዳይቀር።»

«የሰርጉም?»

«የሰርጉም። እነሱ መች ይለያሉ» አለና የሀሰኖን ሚስት ሊያጽናና ሄደ።

ያኔት ስታጠፋ ቆይታ «ዱርሲቱ» ላይ ደረሰች። የትራምፔቱ አልበም ዘጠኝ ሙዚቃ ይላል። እንደገና ቆጠረች። ስምንት ነበር እኮ! ዘጠነኛውን ከፈተችው።

ትራምፔት የለም። አንድ ወጣት ብቻውን በኦሮምኛ ይዘፍናል፣ ሰዎች ያጨበጭባሉ። ያኔት ቡራዩ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ቃሉ አላመለጣትም። የማሳው ድንበር የት እንደሆነ በሬውን ጠይቁት፣ ሲያርሰው የኖረው እሱ ነው፣ ይላል። ከዚያ ተቀባዮቹ አየር ሳቡና ገቡ። ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚሰማው የዱርሲቱ ድምፅ ነበር።

ፊቷ በንዴት ጋለ። ለካ ጃዙ መደበቂያ ነው። እሷ ሌት ተቀን አልበም ስታማርጥ ዱርሲቱ የፈለገችው ይሄን ዘፈን ከሥሩ የምትሸሽግበት ነገር ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ሙዚቃ ላይ ደግሞ «ገብረየስ ሙዚቃ ቤት» የሚል ተጽፎበታል። ሚሞሪው ቢያዝ የሚመጡት ወደ አባቷ ነበር።

ሱቁን ቆልፋ ወደ ተረፈች ግቢ ሄደች። ዱርሲቱ ልብስ ታጥባለች። ያኔት እንደ ወትሮው «አከም ጅርታ» ብላ ሰላም አላለቻትም።

«ዘጠነኛውን ሰማሁት።»

የዱርሲቱ እጅ አረፋው ውስጥ ቆመ። «አለ እንዴ?»

«ሚሞሪሽን ሳጸዳ ገልብጬው ነበር። ዲሪርሳ ነው አይደል? ዩኒቨርሲቲ ነው አላልሽኝም?»

ዱርሲቱ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች። «ከኅዳር ጀምሮ የት እንዳሰሩት አናውቅም። እናቴ ሦስት ቦታ ሄዳ ‹እዚህ የለም› አሏት።»

ያኔት አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«አጥፊው» አለች ዱርሲቱ።

«ሌላ ቅጂ የለሽም እኮ!»

«የለኝም። ግን የሀሰኖን ሰምቻለሁ። በኔ ወንድም የተነሳ አባትሽ እንዳይታሰር።»

«ጃዙስ? እሱም ውሸት ነበር?»

«መጀመሪያ አዎ፣ ለመደበቂያ ነው የፈለግኩት።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስለ አምስተኛው ያልኩሽ ግን የእውነቴን ነው።»

ያኔት ስትመለስ ገብረየስ ሱቁን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። «ጨረስሽ?» አላት።

አዎ ማለት ትችላለች። ስሙን ቀይራ ሌላ ቦታ ብትደብቀው እሱ አያገኘውም። ወይም አሁን አንድ ቁልፍ ብትጫን ያልቃል፤ ዱርሲቱ ራሷ አጥፊው ብላለች። አባቷ ከትናንት ወዲህ ያረጀ መሰላት።

«አንድ ቀርቷል አባዬ» አለች። «ከማጥፋትህ በፊት ግን ስማው።»

ማዳመጫውን ሰጠችው። ገብረየስ ሊቆጣ ቃጣውና ፊቷን አይቶ ጆሮው ላይ ሰካው። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም።

«ማነው?»

«የዱርሲቱ ወንድም። ታስሯል። የቀራት ቅጂ ይሄ ብቻ ነው።»

ገብረየስ ማዳመጫውን አስቀመጠ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ የካሴት መቅጃ አወረደ፣ ሽቦውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ።

«እነሱ የሚፈልጉት ስልክና ሚሞሪ ነው። የድሮ ካሴት ዞር ብሎ የሚያይ የለም» አለ። «ግን አንቺ ይዘሽው አትወጪም። ለአክስቷ እኔ ነኝ የማደርሰው። ከዚያ ከዚህ ላይ ይጠፋል።»

«እሺ።»

«ከፊቱ ሌላ ሙዚቃ ይቅደም፣ ድንገት ቢከፍቱት። አንቺ ምረጪ።»

ያኔት የጃዙን ዝርዝር ከፈተች። እጇ መጀመሪያ ወደ ትራምፔቱ አልበም ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። የሚያወጣውና የሚቀበሉት ያሉበትን ዱርሲቱ አሁን ልትሰማው የምትችል አልመሰላትም። ሳክስፎኑም አይሆንም። አንድ በአንድ እየከፈተች፣ ትንሽ እየሰማች፣ እየዘጋች ወረደች። አባቷ አላጣደፋትም።

ለማንም ሰጥታው የማታውቀው አንድ አልበም ላይ ቆመች። አንድ ሰው ባስ የሚባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ አቁሞ በጣቶቹ እየነካ ብቻውን ይጫወታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አይቸኩልም፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ማልቀስ ቢፈልግም አይከለክልም።

«ይሄ» አለች።

«ወታደሮቹን ስለሚያዘናጋ ነው?»

«አይ። ትወደዋለች ብዬ ነው።»

ውጭ የብዙ ሰው የጫማ ድምፅ አለፈ። ገብረየስ መዝጊያውን እስከ ታች አወረደው። ያኔት ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀችና መቅዳት የሚያስጀምሩትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች።