የረቡዕ ሰንበት

አብዮቱ በፈነዳ በአምስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ገና በቅጡ ሳይደርቅ፣ በአንዲት መካከለኛ ከተማ የሚኖሩ የወንጌል አማኞች ሰንበታቸውን ከእሑድ ወደ ረቡዕ አዛወሩ። ይህን ያደረጉት በጉባኤ ተወያይተው ወይም ከመጽሐፍ ጠቅሰው አልነበረም፤ የቀበሌው ሹማምንት፣ ጥበቃዎቹና ወሬ አቀባዮቹ ሁሉ ሳይቀሩ ረቡዕ ከሰዓት በአዳራሹ ስለሚሰበሰቡ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ዓይን የማይበዛበት ሰዓት ያ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ከተማይቱ ቀድሞ ሦስት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ነበሯት። በኮረብታው ላይ የነበረችው በድንጋይ የታነጸች፣ ኦርጋን ያላት፣ መዝሙር በአራት ድምፅ ካልሆነ የማይዘመርባት ነበረች፤ ከገበያው አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ቤት ስትሆን ጭብጨባዋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሰማ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበረችው ደግሞ ጸጥተኛ ሆና፣ ምእመናኗ ተንበርክከው ጉልበታቸው እስኪደነዝዝ የሚጸልዩባት ነበረች። ማክሰኞ የእናቶች ጸሎት፣ ሐሙስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ እሑድ ጠዋት አምልኮ፣ ከሰዓት የሕፃናት ትምህርት፤ በሦስቱም ዘንድ ሳምንቱ ሙሉ ነበር። ነገር ግን አንዷ ሌላይቱን «ቀዝቃዛ» ስትል፣ ሌላይቱ «ጯሂ» እያለች መልስ ስትሰጥ፣ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆኖ ኖሯል። አብያተ ክርስቲያናቱን የሚዘጋው አዋጅ ሲወጣ አንዷ የእህል መጋዘን፣ አንዷ የወጣቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ የኮረብታዋም የስብሰባ አዳራሽ ሆኑ፤ ከእስርና ከስደት የተረፉት ጥቂቶችም በአንዲት ሴት ልብስ መስፊያ ቤት ውስጥ ተገናኙ።

ይህች ሴት የኮረብታዋ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሚስት ነበረች። የልኬት ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ከተማው እትዬ ሜትር ይላታል። ከመኖሪያዋ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ክፍል የልብስ ስፌት ማኅበሩን ትመራ ነበር፤ ባሏ ግን ከታሰረ ዓመት አልፎታል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር በር ላይ አስቁሟት፣

«ለአብዮት በዓል የሚለቀቁ ሰዎች አሉ» አላት። «መጋቢውን እንዲያካትቱት አሳስቤያለሁ። ቤትሽ ንጹሕ ነው ብዬ ፈርሜልሻለሁ፣ እትዬ። አንድ ቀን እንኳ እዚህ ስብሰባ ተደረገ ሲባል ብሰማ፣ ፊርማዬን አነሣለሁ፤ እሱም እዚያው ይቀራል።»

እርሷም እሺ ብላ ገባች፤ ረቡዕ ሲደርስም ሰንበቱን አላስቀረችም። የባሏን መፈታት ከማንም በላይ ትፈልጋለች፤ ሆኖም እነዚህን ሰዎች ከበር ብትመልሳቸው እርሱ ተፈትቶ ምን ብላ ፊቱን እንደምታየው አላወቀችም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል እንደ ቀጭን ክር ተወጥራ ቀኖቹን ትቆጥር ነበር።

አምልኮው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የካውያው ሽማግሌ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ቤተ ክርስቲያን የመጡ አዛውንት፣ ከሰሉን እያራገቡ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ አንድ ሰው ክር ያልገባበትን የስፌት መኪና ይረግጣል፤ በመኪናው ጩኸት ሥር ሌሎቹ ይዘምራሉ። ድምፅ ከፍ ማድረግ ስለማይቻል፣ መዝሙሩ እንዲሞላ ብቸኛው መንገድ ድምፅን መከፋፈል ነበር። እትዬ ሜትር የኮረብታዋ መዘምራን መሪ ስለነበረች፣ የገበያዋንም የወፍጮ ቤቷንም ሰዎች ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ቤዝ እያለች በየቦታቸው አስቀመጠቻቸው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በሹክሹክታ አራት ድምፅ የሚዘምሩ ሆኑ።

በዚያ ረቡዕ ከመጀመሪያው መዝሙር በፊት ሽማግሌው ጸሎቱን ሊከፍቱ ጎንበስ ሲሉ፣ ከገበያዋ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው ቁልፍ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትከድን፣

«ጋሼ፣ ዛሬ አጠር ያድርጉልን» አለች። «የእርስዎ ጸሎት እስኪያልቅ የጀመርነው ኮት ፋሽኑ ያልፍበታል።»

«አንቺ ደግሞ ማጨብጨብ ስለተከለከልሽ» አሏት ሽማግሌው ቀና ሳይሉ፣ «ምላስሽ ነው የሚያጨበጭበው።»

ሳቁን አፍነው ጸለዩ፤ ሽማግሌውም ወደ በሩ ተመለሱ። ሁለተኛውን መዝሙር አጋምሰው ሳለ የካውያው ክዳን ደረጃው ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። ይህ ምልክታቸው ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ ያልተሰፋ የኮት ገበር ውስጥ ገባ፤ ክር የሌለውን መኪና ይረግጥ የነበረው ሰው የተቀደደ ጨርቅ ጎትቶ መርፌው ሥር አደረገ፤ እትዬ ሜትርም ጠመኔዋን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች።

ሊቀ መንበሩ ከአንድ እንግዳ ጋር ገባ። እንግዳው ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የመጣ የባህል ጉዳይ ካድሬ ነበር፤ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ካኪ ልብሱ ትከሻው ላይ የሰፋው ሰው። እትዬ ሜትር «ስብሰባው ቀረ እንዴ?» ልትል አፏ ላይ የደረሰውን ጥያቄ ዋጠችው።

«ሥራችሁን ቀጥሉ» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጓድ ካድሬ ማኅበራቱን ሊጎበኙ ስለፈለጉ ስብሰባውን ሰርዘነዋል። ለበዓሉ መድረክ የሚዘፍን ቡድን ይመርጣሉ። የእንጨት ሠራተኞቹን ሰምተን መጣን፤ እነሱስ እንጨት ቢገዘግዙ ይሻላቸዋል።»

ካድሬው ፈገግ አላለም። ሬዲዮው ጠዋትና ማታ የሚያሰማውን የሰልፍ መዝሙር እንዲዘፍኑለት ጠየቀ።

እትዬ ሜትር ወዲያው ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ አበላሽተው ይዝፈኑ። ይጩኹ፣ ይቀዳደሙ፣ እንደ ማንኛውም የማኅበር አባል ያንባርቁ፤ እንግዳውም ጆሮውን ይዞ ይውጣ። ነገር ግን ይህን ለሰዎቿ በምን ቋንቋ ትንገራቸው? ሁሉም ዓይኗን ዓይኗን ያያሉ። ልቧም ከሐሳቧ ቀድሞ ስለደነገጠ፣ ሃያ ዓመት ስታደርገው የኖረችውን አደረገች፤ በአፍንጫዋ የመነሻ ድምፅ ሰጠች፣ ቀኝ እጇን ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ አደረገችና ጠበቀች።

እነርሱም ተነሡ። ሶፕራኖው ዜማውን ያዘ፤ አልቶው ከሥሩ ገባ፤ ቴነሩ ተከተለ፤ ከበሩ በኩል የሽማግሌው ቤዝ እንደ መሠረት ድንጋይ ከታች ተነጠፈ። ስለ መሬትና ስለ ጠመንጃ የሚናገረው ያ ዜማ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ምሽት ጸሎት ለስላሳ ሆነ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይተነፍሳሉ፤ እጇ ስትታጠፍም የመጨረሻው ድምፅ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር አንድ ላይ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ብቻ ምን እንዳደረገች ገባት፤ እጇን ሽርጧ ውስጥ ከተተችው።

«ይኼ ነው እንጂ!» ብሎ ሊቀ መንበሩ አጨበጨበ። ካድሬው አላጨበጨበም፤ ዓይኑ ሽርጧ ላይ ነበር።

«ማን አስተማራችሁ?»

«ከሬዲዮ ሰምተን ነው፣ ጓድ።»

«ሬዲዮው ላይ አንድ ድምፅ ነው ያለው።»

 ቁልፍ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና አለች።

«መኪናው ነው፣ ጓድ። አብረው ፔዳል ሲረግጡ የሚውሉ ሰዎች ሳያውቁት አብረው መተንፈስ ይለምዳሉ።»

«ፔዳል እግር ያስተባብር ይሆናል» አለ ካድሬው በዝግታ። «አልቶ ግን አያወጣም።»

ሊቀ መንበሩ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። «አልቶ የትኛዋ ናት? ስሟን ልያዝ።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ሜትር የካድሬውን ፊት አየች። ይህ ቃል በካድሬ ትምህርት ቤት እንደማይሰጥ ታውቃለች፤ አንድ ሰው ይህን ቃል የሚማረው በልጅነቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ መዝሙር መጽሐፍ ከጎረቤቱ ጋር እየተጋራ ነው። እርሱም እንዳወቀችበት አወቀ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ለመጥረግ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም ጠረገው። በዚያ ክፍል ውስጥ የባሏን ዕጣ በእጁ የያዘው ሰው ሊቀ መንበሩ ብቻ አልነበረም፤ አሁን ይህ ሰው በአንድ ቃል መጋቢውን እዚያው ሊያስቀረው፣ ሌሎቹንም ሊጨምርለት ይችላል።

«ስም አይደለም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ በመጨረሻ። «ተዉት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አልቶው ተውጧል፤ ይታረማል። በዓሉ ላይ የሚዘፍኑት እነዚህ ናቸው። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት እዚሁ ይለማመዱ፤ በልምምድ ሰዓት ማንም ገብቶ እንዳይረብሻቸው ከስብሰባው ቀርቶ አንድ ጥበቃ ደጃፍ ላይ ይቁም። ከበዓሉም በኋላ ይቀጥሉ፤ ሌላ በዓል ይመጣል።»

«ረቡዕ እንኳ እኛ ስብሰባ...»

«እናንተማ ስብሰባችሁ ላይ ትሆናላችሁ። ለዚህ ነው ረቡዕ ያልኩት።» ወደ እትዬ ሜትር ዞረ። «ይስማማዎታል?»

የበዓሉ መድረክ የት እንደሆነ ታውቃለች። ኮረብታው ላይ ነው፤ ባሏ ቆሞ ይሰብክበት በነበረው ስፍራ። እምቢ ብትል ምክንያት ትጠየቃለች፤ ምክንያቷም የባሏን ስም ከሚፈቱት መካከል ያወጣዋል። እሺ ብትል፣ ቤተ ክርስቲያኗን የዘጋውን መንግሥት በራሷ እጅ እየመራች ልታወድስ ነው።

«ይስማማናል፣ ጓድ» አለች።

ሰዎቹ ወጡ።

«ባልሽን ልታስፈቺ ብለሽ ለመድረክ አሳለፍሽን» አለች ቁልፍ ሰፊዋ። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ባሌን ላስፈታ ብዬ ነው» አለች እትዬ ሜትር። «እናንተንም ላተርፍ ብዬ ነው። የቱ እንደቀደመ እኔም አላውቀውም፤ አትጠይቂኝ።»

«እኔ በዚያ ዘፈን አፌን አላረክስም።»

«አትምጪ። ማንም አይፈርድብሽም።»

ሽማግሌው ካውያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ቤዝ ነኝ» አሉ። «ቤዝ ከጎደለ ቤቱ ባዶ መሆኑ ይታወቃል። እኔ እመጣለሁ። ለጌታ የምናገረው ግን ረጅም ነገር አለኝ፤ አጠር አድርጉ እንዳትሉኝ።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ደጃፉ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆመ፤ ሰው ሲጠጋ «ልምምድ ላይ ናቸው» እያለ ይመልስ ነበር። ቁልፍ ሰፊዋ ዘግይታ መጣች፤ ቦታዋ ላይ ተቀምጣም፣ «በሰልፉ ዘፈን ላይ ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው» አለች፤ እንዳለችውም እስከ መጨረሻው አደረገች። የሰልፉን መዝሙር አንድ ጊዜ ይወጡታል፤ ከዚያ የቀረውን ሰዓት መኪናው እየተረገጠ ሦስቱ ቤተ ክርስቲያኖች እንደ አንድ ሆነው ያመልካሉ።

መጋቢው ለበዓሉ ተፈታ። የተፈቱት ሁሉ በዓሉን እንዲካፈሉ ስለታዘዙ፣ ከእስር ቤት ቀጥታ ወደ አዳራሹ ተወስደው ከኋላ ቆሙ፤ ሚስቱም ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ እጇን ስታነሣ አያት። ቤት ሲገቡ ውኃ አሞቀችለት። እግሩን ነክሮ ብዙ ቆየና፣ «ከስተሻል» አላት። እርሷም ስለ ረቡዕ የነገረችው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መድረኩ አንድም ቀን አልጠየቃትም።

ከዓመታት በኋላ ፖሊሲው ሲለዝብ ቤተ ክርስቲያኖቹ ተመለሱ። የሦስቱ ቤተ ክርስቲያኖች ሽማግሌዎች፣ ብዙዎቹ ከእስርና ከስደት የመጡ፣ አንድ ላይ ተቀምጠው በአብዮቱ መድረክ ላይ የዘፈኑ ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ ከጌታ እራት እንዲታገዱና ከኋላ እንዲቀመጡ ወሰኑ። የመድረኩ ልምምድ ምን እንደነበረ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ያ ካድሬ ገና በሥልጣን ላይ ነበርና፣ በጉባኤ የተነገረ ነገር ደግሞ ከጉባኤ ሳይወጣ አያድርም፤ የሰውዬው ሕይወት በአፋቸው ላይ ነበረ። የሚታገዱትን ስም በሦስቱ የጋራ አምልኮ ላይ የሚያነብበው መጋቢው ነበርና፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

«ሌላ ሰው ያንብበው» አላት ሲነጋ።

«መጋቢው አንተ ነህ» አለችው። «አንተ አንብበው።»

አነበበው፤ የመጀመሪያው ስም የሚስቱ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ አልተለወጠም። እርሷም ከቁልፍ ሰፊዋና ከካውያው ሽማግሌ ጋር ወደ ኋላው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው እገዳው ሳይነሣ ዐረፉ።

የዚያ ዘመን ሁለት መታሰቢያዎች ቀርተዋል። በመንግሥት መዝገብ ውስጥ የልብስ ስፌት ማኅበሩ ኪነት ቡድን በበዓሉ ከየቀበሌው ከቀረቡት ቡድኖች ሦስተኛ መውጣቱ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኖቹ ለኢዮቤልዩ ባሳተሙት ታሪክ ደግሞ፣ የታሰሩት ወንድሞች ስም በክብር ከተዘረዘረ በኋላ፣ በእነዚያ ዓመታት በከተማይቱ አምልኮ ፈጽሞ ተቋርጦ እንደነበር ተጽፏል። ካድሬውም ሥርዓቱ ሲወድቅ በወኅኒ ሞተ፤ ማን እንደነበረ የሚመሰክርለት አልቀረበም። መጋቢው ከሞተ በኋላ ወጣት ጸሐፊዎች ለሁለተኛው እትም የሚጨመር ነገር ይኖር እንደሆነ መበለቲቱን ሊጠይቁ መጡ። ረቡዕ ረቡዕ ያመለኩትን ሰዎች ስም ብትሰጥ፣ ባሏ እውነቱን እያወቀ እገዳቸውን እንዳነበበ አብሮ ይጻፋል። ጥቂት አሰበች፤ ከዚያም የሚጨመር የለም አለቻቸው። መጽሐፉም እንደ ነበረ ታተመ።