የቁም ስንብት

መርማሪዋ ወደ አናጢው ቤት ስትገባ ሽማግሌው ራሳቸው በሠሩት የሬሳ ሣጥን ውስጥ እንደተጋደሙ ነበሩ። ወደ ሣጥኑ የገቡት ግን በሕይወት ሳሉ፣ በገዛ እግራቸው ነው።

«የቤታችን ወግ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ፣ ዐይኗን እየጠረገች። «እናታችን ስትሞት በለቅሶዋ ላይ ያልተባለላት መልካም ነገር አልነበረም። አባባም ‹እሷ ሳትሰማው ቀረች፤ እኔስ በቁሜ እሰማለሁ› አለ። ከዚያ ወዲህ በየሙት ዓመቷ እዚህ ይጋደማል፤ ክዳኑን እንገጥማለን። ተራ በተራ ብቻችንን እየገባን የሆዳችንን እንነግረዋለን። መውጣት ሲፈልግ ያንኳኳል።»

«አየርስ?»

«በራስጌው ቀዳዳዎች አሉት።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው። ሐኪሙም ልባቸው ነው የከዳቸው ብሏል። ቀኝ እጃቸውን ስታነሳ ግን የጣቶቻቸው አንጓ ተልጧል። ክዳኑ ላይ በአዲስ የተቀባው ቫርኒሽ ገና ስላልደረቀ፣ መሐሉ ላይ የሻካራ ጨርቅ ሽመና ታትሞበታል።

«ማን ቀድሞ ገባ?»

«እኔ» አለች ትልቋ። «የልጅነቴን ጉድ ሳነሳበት የሳቀው ሳቅ በረንዳ ድረስ ተሰምቷል።»

«ቀጥሎ ወንድሜ፣ መጨረሻ እኔ» አለች ነርሷ ታናሽ እህት። «ብናገር ብናገር ዝም አለኝ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ቀስ ብዬ ክዳኑን ባነሳው...»

ከአባቱ ጋር ሲሠራ የኖረው ወንድ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሥራ ካፖርቱን ወገቡ ላይ አስሯል። ተቀመጥ ብትለው «ይመቸኛል» አላት።

«በአንተ ተራ አንኳኩ?»

«የለም። እስክጨርስ ሰማኝ።»

ትልቋ ቀና አለች። «አንተን? አንድም ዓመት አስጨርሶህ አያውቅም እኮ!»

መርማሪዋ ሦስቱንም በሣጥኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እጃቸው የተላጠው ሲያንኳኩ ነው» አለች። «በትልቋ ተራ ይስቁ ነበር፤ በታናሿ ተራ ድምፃቸው ጠፍቷል። እንግዲህ ያንኳኩት በመካከል ነው። ክዳኑ ቁልፍም ሚስማርም የለውም፤ ገፋ ቢያደርጉት ይከፈት ነበር። ያልተከፈተው ሰው ስለተቀመጠበት ነው። የእህቶችህ ቀሚስ ለስላሳ ነው፤ ይኼ የጂንስ ሽመና ነው። ካፖርቱን ፍታው፣ ልጄ።»

ፈታው። የሱሪው መቀመጫ በቫርኒሽ ተለውሷል።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «በየዓመቱ ገና አፌን ስከፍት ያንኳኳብኛል። ዘንድሮ እንኳ ይስማኝ ብዬ ተቀመጥኩበት። ሲያንኳኳ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዝም ሲል... የሰማኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።»

«ወይኔ ወንድሜ!» ትልቋ ደረቷን ያዘች። «ንቆህ መስሎሃል? ‹አነጋገሩ ቁርጥ የእናቱ ነው፤ ስሰማው እንባዬ ያመልጠኛል› ብሎኝ ነበር። አትንገሪው ስላለኝ ነው ዝም ያልኩህ።»

ልጁ የሣጥኑን ጠርዝ ጨብጦ አባቱ ላይ አጎነበሰ። ታናሽ እህቱ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፤ ግን መሐል ላይ ቆመባት።

«ቀብሩ ይለፍ» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ሽማግሌው መልካም መልካሙን ተናገረ። የልጁ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጸጥ አለለት። አፉን ከፈተ፤ አንድም ቃል አልወጣውም።