ቴፑ የቆመበት ቦታ

ኃላፊው ወልደአማኑኤል አዳማ ባለው የመዝገብ ማዕከል ዕቃ ቤት ውስጥ ትናንት ጠዋት የተገኘው ጭንቅላቱ በብረት መፍቻ ተፈርክሶ ነው። ደሙ ግድግዳውን አልብሶታል። ዘበኛው ኢተፋ አለቃው ይተርፍ መስሎት ሲያነሳው ልብሱ በደም ተነከረ፤ በቃ፣ ገዳዩ እሱ ነው ተባለ። ሲገርፉት አደሩ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሊረሽኑት ነው።

መርማሪው ሻምበል ሙሉብርሃን የደረሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ወይ ጉድ፣ የሰው ነፍስ በሦስት ሰዓት ውስጥ! እሱ ግን ችኮላ የሚባል አያውቅም።

«ትናንት ጠዋት የት ነበርሽ?» አላት ጸሐፊዋን አረጋሽን።

«መቂ፤ ቅጽ ልሰበስብ ሄጄ። ሾፌሩን ይጠይቁ።»

ሾፌሩ አዎ አለ። ቀጥሎ የኮምፒውተር ማሽኑ ሠራተኛ ሰብስቤ ቀረበ።

«የብሔራዊ ውትድርናን ስም ዝርዝር ከቴፕ እያስነበብኩ ነበር። ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ቴፑ ላይ ስህተት ቢኖርስ?»

«ማሽኑ ራሱ ያውቃል። ያነበበው ቴፑ ላይ አብሮ ከተጻፈው መቆጣጠሪያ ምልክት ጋር ካልገጠመለት ወደኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። እምቢ ካለው ቆሞ ሰው ይጠብቃል። እኛ ከፍተን አቧራውን በጨርቅ እንጠርግና እናስቀጥለዋለን።»

«ትናንትስ ቆሞ ነበር?»

«ኧረ አንዴም አልቆመም።»

ሻምበሉ ያንኑ ቴፕ እንደገና አስነበበ። ጥቅልሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ወዲያ ወዲህ አለና ቆመ። ሻምበሉ ከፍቶ ቢያይ ቴፑ ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር ተለቅልቋል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ሰበሰበ፤ ኢተፋንም ደግፈው አመጡት።

«የተጠቀለለ ቴፕ መሐሉ በእጅ አይነካም» አለ። «የሚነካው ማሽኑ እዚያው ላይ ሲቆም ብቻ ነው። እንግዲህ ትናንት ቆሟል፤ ጓድ ሰብስቤ ዋሹኝ። ሲቆም እርስዎ ዕቃ ቤት ነበሩ። ገድለው ሲመለሱ ማሽኑ ቆሞ ጠበቀዎት። እጅዎ እንደልማዱ አቧራውን ጠረገ፤ ጨርቁ ግን መፍቻውን የጠረጉበት ነው። ደሙ እርጥብ ሳለ ማሽኑ አለፈው፤ ሲደርቅ እምቢ አለው። ያንን ማሽን መክፈት ደግሞ ከሟቹና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሰብስቤ ወደ ማሽኑ ዞረ።

«የታናሽ ወንድሜን ስም ከቴፑ ሰርዤ ነበር። ወልደአማኑኤል ደረሰብኝ፤ እመልሰዋለሁ አለኝ። አንዱ ወንድሜ ሰሜን ጦር ግንባር ቀርቷል። ይሄኛውንም ልስጥ?»

«ኢተፋንስ ለምን ሰጡ?»



ኢተፋ ተፈትቶ ጫማው ተሰጠው። የተገረፈው እግሩ አብጦ አልገባ አለው። ጫማውን ታቅፎ ቀና አለ።

«ሻምበል፣ ትናንት ቢመጡ ምን ነበረበት?»