የወይዘሮ ወለላ ማንቆርቆሪያ

ኡሙሃኒ አራት መቶ ማንቆርቆሪያ ያዘዘችው ደብተሯን አምና ነው። ደብተር ይዋሻል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

ቆቦ ገበያ ዳር ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ የአባቷ የሐጂ ሙዓዊያ ነው። ሐጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕቃውን በጭንቅላታቸው ይዘው ኖረዋል። ስንት ጄሪካን፣ ስንት ሳፋ፣ ስንት ወንበር እንደቀረ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸውን ጠርተው እንዲህ አሏት፦

«እስከ ዒድ አንቺ ያዢው። መጋዘኑን በማይሸጥ ዕቃ ካልሞላሽብኝ ሱቁ ያንቺ ነው። ከሞላሽብኝ ግን ቁልፉን ለአጎትሽ ልጅ እሰጣለሁ።»

ኡሙሃኒ ትልቅ ደብተር ገዛች። ያዛዥ ስም፣ መንደር፣ ዕቃ፣ ብዛት ብላ አሰመረች። ሐሙስ ሐሙስ ትደምርና ብዙ የተሸጠውን ከአዲስ አበባ ታዛለች። እንዲህ ካለ ሥራ ምን ስህተት ይወጣል?

በአቅራቢያው ወዳለችው ሮቢት የሚሄደውን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሰላሁዲን የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። የሮቢት ልጅ ነው፤ ፈገግታው ከእሱ ቀድሞ ሱቅ ይገባል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መጣና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ኡሙሃኒ፣ ትእዛዝ አለኝ። ማንቆርቆሪያ፣ አንድ።»

«ለማን?»

ሰላሁዲን ጣሪያውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ ደግሞ ጣሪያውን።

«ለወይዘሮ ወለላ።»

«ቀለሙስ?»

«አረንጓዴ ትወዳለች።»

በማግስቱ ያንኑ ሰዓት ተመልሶ መጣ።

«ወይዘሮ ወለላ ሌላ ፈለገች። ያኛውን ረገጠችው።»

«ማንቆርቆሪያ ይረገጣል እንዴ?»

«ከበድ ያለች ሴት ናት።»

«ባሏስ ምን አለ?»

«ባል የላትም። በወተት ነው ቤቱን የያዘችው።»

ኡሙሃኒ አዘነች። ባል የሌላት፣ ወተት ሸጣ የምታድር ሴት! ከዚያን ቀን ጀምሮ ለወይዘሮ ወለላ የሚሄደውን ማንቆርቆሪያ ራሷ አጥባ ትሰጠው ጀመር። ሰላሁዲን ሲቀበል እጀታውን ሳይሆን ጣቷን ያያል። እሷም እያየች እንዳላየች ትሆናለች። ውጭ ባጃጁ እየተንገጫገጨ ይጠብቃል።

ጎረቤቷ ፈሪሀ የስልክ ሱቅ አላት፤ ምላሷም ከስልኮቿ አያንስም። «ይሄን ልጅ የጠማው ውሃ ነው ወይስ አንቺ?» አለቻት።

«ዝም በይ! ረመዳን እየደረሰ ነው፤ ሰው ለውዱእ መታጠቢያ ፈልጎ ነው።»

ረመዳን ሊገባ፣ የሸዕባን ወር ሲያልቅ ደብተሩ እንዲህ አለ፦ ጄሪካን አራት፣ ሳፋ ሰባት፣ ማንቆርቆሪያ ስድሳ ሦስት። ያዛዦቹ ሠላሳ ሰዎች፣ ሁሉም የሮቢት፤ ወይዘሮ ወለላ ብቻዋን አሥራ ዘጠኝ! ኡሙሃኒ ሁለት ጊዜ ደምራ ስልኳን አነሳችና አራት መቶ አዘዘች።

መኪናው ሲራገፍ መጋዘኑ ሞላ። መጋዘኑ ሞልቶ በረንዳው ሞላ። በረንዳው ሞልቶ የፈሪሀ ደጃፍ ሞላ። በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ የግመል ነጋዴ አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ ግመሎቹ ያለ እሱ ዋጃ ከተማ ደርሰው ነበር ይባላል።

የሐጂ ጣት መቁጠሪያቸው ላይ ቆመ። «ልጄ፣ ቆቦ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው?»

«አይዞህ አባዬ፣ ደብተሩ ይናገራል።»

አባቷን ደህና አድርጋ ለማሳመን አንድ ነገር አሰበች። ዋናዋን ደንበኛዋን ሄዳ ታመሰግናለች። ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ለስጦታ ያዘች። ሰላሁዲን ሰው ጭኖ ወደ ዋጃ ሄዶ ስለነበር በሌላ ባጃጅ ሮቢት ወረደች፤ የውሃ ቦኖው ጋ የተሰለፉትን ሴቶችም ጠየቀች።

«የወይዘሮ ወለላ ቤት የት ነው?»

«ወይዘሮ ማን?»

«ወለላ። ባል የላትም፣ ከበድ ትላለች፣ ወተት...»

አንዷ ጄሪካኗን ለቀቀችው። ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ሦስተኛዋ ግን አልቻለችም። «አንቺ ልጅ! እሷማ የሰላሁዲን እናት የሚያልቧት ላም ናት!»

ኡሙሃኒ ክው አለች። ሳፋው ከእጇ ወድቆ እየተንከባለለ አስፋልቱን ተሻገረ፤ እሷ ግን አልተከተለችውም። እግሯ ሴቶቹ ወዳሳዩአት ግቢ ይዟት ሄደ።

ግቢው ውስጥ አንድ ግራር አለ። ግራሩ ማንቆርቆሪያ አፍርቷል። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ በየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ፣ የቆላው ንፋስ በገባበት ቁጥር ስድሳው አፍ ያፏጫል። ከሥሩ አንዲት ቀይ ላም ተኝታ ታመነዥካለች።

የሰላሁዲን እናት ሀስና ከቤት ወጡ። «ነይ ልጄ። አንቺም ይሄን ልታዪ ነው? ልጄን ውዱእ የሚወድ ጅኒ ያዘብኝ እኮ! በየቀኑ አንድ ይዞ ይገባል። ሼኩ ጋ ወስጄ ቁርኣን አስቀራሁበት፤ በማግስቱ ሦስት ይዞ መጣ!»

በዚህ መሃል ባጃጁ ደረሰ። ሰላሁዲን ኡሙሃኒን ሲያይ ሞተሩ እንኳ ደንግጦ ጠፋ።

«ወይዘሮ ወለላን ተዋወቅኳት» አለችው።

እሱ ዓይኑን ወደ ላሟ ወረወረ።

«የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ሰዎችስ?»

«ፍየሎች ናቸው።»

«ሃያ ዘጠኝ ፍየል አላችሁ?»

«አሥራ አንድ። ሌሎቹ ዶሮዎች ናቸው።»

«ያ አላህ! እንደ ሰው ቀጥ ብለህ መናገር አትችልም ነበር?»

«ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ‹ላናግርሽ ፈልጌ ነው› ልል አፌን ስከፍት ‹ማንቆርቆሪያ› ወጣ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ። በራሴ ስም በየቀኑ ብገዛ ደግሞ እብድ ትይኛለሽ።»

ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። «አራት መቶ አዘዝኩ፣ ሰላሁዲን። በላምህና በዶሮህ ተማምኜ አራት መቶ አዘዝኩ! ዛሬ ገባ። አባቴ ቁልፉን ሊቀማኝ ነው።»

ሰላሁዲን አቧራው ላይ ቁጭ አለ። ያን የሚያህል ፈገግታ የት እንደገባ አልታወቀም።

«ባጃጄን ሸጬ ሁሉንም እገዛዋለሁ» አለ።

«አንዲትም አትገዛም! አንተ በገዛህ ቁጥር ደብተሬ ይዋሻል። ሰው የማይፈልገውን ዕቃ የሚፈልገው አስመስለህ አሳየኸኝ። እኔ ሱቅ የምመራው በዚያ ነው፤ ዓይኔ እሱ ነው።»

ሀስና አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ልጃቸውን አዩ። ጅኒው ማን እንደሆነ ገባቸው።

ኡሙሃኒ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ፊቷን ሳትመልስ ቆመች። «አረንጓዴ መውደዷ ግን እውነት ነው?»

«ወላሂ እውነት ነው! እሱን አልዋሸሁሽም።»

ለአባቷ ራሷ ነገረቻቸው፣ አንድም ሳትደብቅ። ሐጂ ወጥተው በረንዳውን የሞላውን ማንቆርቆሪያ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ።

ረመዳን በገባ በሳምንቱ፣ አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከሮቢት መጡ።

«ልጁ ማነው?» አሉ ሐጂ።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የ... የወለላ ጌታ።»

ሐጂ ከመደባቸው ብድግ አሉ። «መጋዘኔን የሞላብኝ እሱ፣ አሁን ደግሞ ቤቴን ሊያጎድልብኝ?»

«ጥፋቱን አውቋል፣ ሐጂ። ልጅቱ ትጠየቅ።»

መጋረጃው ጀርባ ኡሙሃኒ ነበረች። ሐጂ እምቢ የምትል መስሏቸው፣ «በይ ተናገሪ፤ ከሙሽራው የምትቀበይው መህር ያንቺ ሐቅ ነው፣ ምን ትያለሽ?» አሉ።

«ወርቅ አልፈልግም፣ አባዬ። መህሬ አራቱን መቶ ማንቆርቆሪያ ሸጦ መጨረሱ ነው። እስከ ዒድ፣ በአራት መቶ በር። አንድ በር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ። ለሰው ብቻ! ስሙ ከነስልኩ ይጻፍ።»

የአንዱ ሽማግሌ ቆብ ከራሳቸው ወረደ። «ስድሳ ኒካሕ አስሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ መህር በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም!»

«ይሁን፣ ይሞክር» አሉ ሐጂ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሰላሁዲን መጀመሪያ ግራሩን አራገፈ። ስድሳ ሦስቱን ከሮቢት እስከ ቆቦ ላሉት መስጊዶች ሰጠ። ከዚያ በጾም አፉ፣ ድንጋይ በሚያስጮኽ ሙቀት፣ ማንቆርቆሪያውን ባጃጁ ላይ አስሮ ወጣ። ሽንኩርት የሚለቅሙት ጋ ሄደ፣ ዋጃ ሄደ፣ ከአፋር የሚመጡትን ግመለኞች መንገድ ላይ አስቆመ፤ የክርስቲያኑን ቤት «ለፋሲካ እንግዳ እጅ ማስታጠቢያ» እያለ አንኳኳ። ላንቃው ተሰነጠቀ። ደብተሩን ኡሙሃኒ ትይዛለች፤ እየደወለች ታጣራለች፤ አንዲትም ዶሮ አላገኘችም።

የዒድ ዋዜማ ደብተሩ ሐጂ ፊት ተዘረጋ። አራት መቶ ስም። ሐጂ ግን አንዴ የደነገጠ ሰው ናቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው ጣታቸው ያረፈበትን ቁጥር ደወሉ።

«ሃሎ። ሀናን ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሰው ነሽ?»

«ምን? ሰው ነኝ እንጂ! አንቱስ?»

ፈሪሀ ከበረንዳው ሆና ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አትቆጪ እህቴ። ማንቆርቆሪያ ደርሶሽ ከሆነ ብዬ ነው፤ ከሱቁ ነው።»

«ደርሶኛል። እንኳን ደወሉ! አማቴ አይታው ለኔስ ብላለች፤ ለእህቷም ጭምር። ሁለት ይላክልኝ።»

ሐጂ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት። ወደ መጋዘኑ ዞሩ፤ ባዶ ነው። የአጎቷ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ቁልፉን ሊረከብ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሱንም አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ቆይ እህቴ» አሉ፤ «የሱቁን ባለቤት ላገናኝሽ።»

ስልኩንም ለኡሙሃኒ ዘረጉላት።

ኡሙሃኒ ስልኩን ተቀበለች። በሩ ጋ ፀሐይ ያከሰለው፣ ጾም ያመነመነው ሰላሁዲን ቆሟል።

«አቤት» አለች በስልኩ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል። «የሱቁ ባለቤት ነኝ።»

መህሩን ጨርሶ መክፈሉ ለሰላሁዲን ያኔ ገና ገባው። የበሩ ደፍ ላይ ዘጭ አለ።