ሮዳጅ ያልጨረሰች መኪና

«ትናንት ጠዋት በጋሎን ሃያ ስድስት ማይል ትሄድ ነበር» አለ ደምሰው፣ መሪው ፊት ተቀምጦ ጣቱን ዳሽቦርዱ የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ላይ እንደቀሰረ። «ዛሬ አሥራ ስምንት ትላለች። ሞተሩን ከናንተ አንዳችሁ አስጩኻችሁታል።»

አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ካለው አፓርትማቸው ፊት ለፊት፣ ፓርኪንጉ ላይ ትህትና ከታላቅ ወንድሟ ከአለምሰገድ ጋር ጎን ለጎን ቆማለች። ትናንት ከመኪናው ስትወርድ አቧራውን ጠርጋለች፣ መስታወቱን ወደ ቦታው መልሳለች። ይቺ ቁጥር እንደምታሳብቅባት ግን አላወቀችም።

አባቷ ደምሰው የኤርፖርት ሹፌር ነው። አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ ከሐራጅ የተገዛ አሮጌ መኪና እንጂ አዲስ ነድቶ አያውቅም። የ2011 የሙስታንግ ሞዴሎች የወጡ ሰሞን ግን ብሮሹሩ ከእራት ጠረጴዛው አልነሳ አለ። ባለ ስምንት ሲሊንደሩን አየ፣ ጣሪያው የሚከፈተውን አየ፣ በመጨረሻ አዲስ ሞተር የመጣለትን ባለ ስድስቱን መርጦ ገዛ። «ሦስት መቶ አምስት የፈረስ ጉልበት! የአምናው ባለ ስምንት የሚበልጣት በአሥር ፈረስ ብቻ ነው» ብሎ ያልነገረው ሰው የለም። ጸበል ሊረጩላት የመጡት ቄስ እንኳ ስለ ሞተሩ ሳይሰሙ አልሄዱም።

ቀጥሎ የመጣው ሮዳጅ ነው። አዲስ ሞተር ብረቱ ከብረቱ እስኪላመድ ቀስ ተብሎ ይነዳል፤ እስከ አንድ ሺህ ማይል ድረስ በሰዓት ከሃምሳ አምስት ማይል በላይ የለም፣ ሞተር ማስጮህ የለም። ሻጩ የዛሬ ሞተር ይህን ያህል አያስፈልገውም ብሎት ነበር። «የሚሸጣት እሱ፣ የሚኖርባት እኔ» አለ ደምሰው። ሃይዌይ ላይ የጭነት መኪና ሳይቀር ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፋቸው ትህትና በሀፍረት ወንበሩ ውስጥ ትሸጎጥ ነበር።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በአዲሷ መኪና ፋርማሲ ላካት። መንጃ ፈቃድ ያገኘች ቀን የሰጣት ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበር። የክፍሏ ልጅ ሓዋ መንገድ ላይ አየቻትና ገባች። ሓዋ ናት ወደ ስቴፕልተን፣ የድሮው ኤርፖርት ወደነበረበት፣ ቤት ገና ወዳልተሠራበት ባዶ መንገድ እንሂድ ያለችው።

«ፈታ በይ አቦ» አለቻት እዚያ ሲደርሱ። «ሦስት መቶ አምስት ፈረስ ይዘሽ እንደ በሬ ልትነጂ ነው?»

ትህትና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። መኪናዋ ስታጓራ ጀርባዋ ከወንበሩ ተጣበቀ። ደስ አላት፤ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ዞራ ደገመችው፣ ሠለሰችው። ሲለያዩ ሓዋ «ኖ ዋን ዊል ኖው፤ ማን ያውቃል? ዝም በይ ብቻ» አለቻት።

«አለምሰገድ» አለ አባቷ አሁን። «ማታ የነዳሃት አንተ ነህ።»

«ነድቻለሁ። ግን ቀስ ብዬ ነው።»

«አምናም ቀስ ብለህ ነበር፤ የቸኮለው ፖሊሱ ነው።»

«አባዬ፣ አይ ስዌር፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? እሷ እንደሆነች ፋርማሲ ደርሳ ነው የመጣችው።»

ትህትናን ከስድብ በላይ ያቃጠላት ይህ እምነቱ ነበር። አባቷ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

አለምሰገድ ሰኞ ዳውንታውን ሥራ ሊጀምር ነው። ጋሽ ኣፍሮም በሚያስተዳድረው የመኪና ማቆሚያ የደንበኞችን መኪና ተቀብሎ ፓርክ ያደርጋል። ያንን ሥራ ወራት ሙሉ ሲጠብቅ ነበር። ጋሽ ኣፍሮም የተቀበለው ደምሰው «እኔ ዋሱ ነኝ» ስላለ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ጓደኛሞች መካከል ከዚያ ቃል ሌላ ነገር አልተጠየቀም።

«የሰው መኪና ቁልፍ ነው የሚሰጥህ» አለ ደምሰው፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ላባቱ መኪና ያላዘነ ለሰው መኪና ያዝናል ብዬ እንዴት ልዋስህ?»

ስልኩ መጥራት ጀመረ። አለምሰገድ ወደ እህቱ ጠጋ አለ። ከእሷ በአንድ ራስ ይረዝማል።

«ማታ ስገባ ጉልበቴ መሪው ሥር ተቀረቀረ» አላት በሹክሹክታ። «ወንበሩ እስከ ጫፍ ወደፊት ተስቦ ነበር። ቁጥሩም ያኔ አሥራ ስምንት ይል ነበር።»

ለአባታቸው መናገር ይችላል፤ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዓይኑን ከእሷ አንስቶ አስፋልቱን ማየት ጀመረ።

«ደምሰው፣ እንዴት ነህ?» የጋሽ ኣፍሮም ድምፅ በስፒከሩ ወጣ። «ልጁ ሰኞ በጊዜ ይምጣልኝ፣ ሥራ ይበዛል።»

ደምሰው በረጅሙ ተነፈሰ። «ስለ እሱ ነው የደወልኩት…»

«አባዬ» አለች ትህትና። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ያስጮህኩት። ስቴፕልተን ሄጄ። ሦስቴ።»

«ሄሎ? አለህ?» አለ ጋሽ ኣፍሮም።

«አለሁ።» ደምሰው ዓይኑን ከትህትና ላይ አልነቀለም። «ልጁ ሰኞ በጊዜ ይመጣል። በቃሌ ነኝ።» ስልኩን ዘጋ፣ ሞተሩንም አጠፋ።

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ በወደደች።

«ብቻሽን ነበርሽ?»

የሓዋ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ገፋፍታኝ ነው ብትል ግማሹ ሸክም ይወርድላታል፤ ሐሰትም አይሆንም።

«መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

ትህትና ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ፣ ሞተሩ ያሞቀው ኮፈን ላይ እንዳይጭረው ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ወደ ቤት አልገባችም። አባቷ እስኪናገር ድረስ እዚያው ቆመች።