ምላስ ላይ የቀረ አስፕሪን

ዱዌይን ሃስኬት ከቤቱ ጓሮ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ከጆሮው በላይ ያለው ቁስል ሸሚዙን እስከ ኪሱ ድረስ በደም አርሶታል። ራሱ ያረፈው በአበባው መደብ ዙሪያ በተደረደሩት ጡቦች ላይ ነው፤ አጠገቡ የአሉሚኒየም መሰላል የጣሪያው አሸንዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የመጣው ሁሉ አንድ ነገር አይቶ አንድ ነገር ደመደመ። በደቡብ ኦክላሆማ ቅጠል በረገፈ ቁጥር አሸንዳ እጠርጋለሁ ብሎ የሚወድቅ ሽማግሌ አይጠፋም።

መርማሪ ዊላ ቦሃነን ግን በቶሎ የምታምን ሴት አይደለችም። ባሏ በሕይወት ሳለ የገዛውን ቲማቲም እንኳ አንድ በአንድ ገልብጣ ካላየች አትቀበለውም ነበር። መጀመሪያ መሰላሉ ላይ ወጣች። አሸንዳው በፔካን ዛፍ ቅጠል ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሰው እጅ አልነካውም። ወርዳ ጡቦቹ ፊት ተንበረከከች። ሁሉም በፀሐይ ነጥተው ደርቀዋል፤ ደም ያለበት አንዱ ብቻ ፊቱ እርጥብ አፈርና ቀጫጭን ሥር ነው። በመጨረሻም የሟቹን ከንፈር በጓንቷ ገለጥ አድርጋ ባትሪ አበራች። ምላሱ ላይ ነጭ የክኒን ፍርፋሪ ነበር።

«ዊላ፣ ሰውዬው ወደቀ፣ ሞተ። ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ሼሪፍ ቦይድ ከኋላዋ።

«ይሄ ጡብ እስከ ዛሬ ጠዋት አፈር ውስጥ ተደፍቶ ነው የኖረው። ደሙ ያለው መሬቱን ይነካ በነበረው ጎኑ ላይ ነው። አንድ ሰው አንስቶ፣ መትቶበት፣ ሲመልሰው ገልብጦ አስቀመጠው።»

ሼሪፉ ጡቡን አየው፤ ፊቱም ጠቆረ። «እንግዲያው ሩቅ አንሄድም። ኮርዴል ነው።»

ኮርዴል የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ለውዝ መሳይ ፍሬ የሚለቀምበትን የፔካኑን እርሻ እንሽጥ፣ አንሽጥ እያሉ ከወንድሙ ጋር ሲጨቃጨቁ ከርመዋል፤ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲጯጯሁ ምእመኑ ሁሉ ሰምቷል። በወጣትነቱም የሰው መንጋጋ ሰብሮ ታስሯል። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ክስ እስከ ሞት መርፌ ሊያደርስ እንደሚችል ዊላ ታውቃለች፤ ቦይድ ደግሞ አንዴ ካቴና ካስገባ በኋላ ተሳስቼ ነበር ማለት የሚሆንለት ሰው አይደለም።

«እስከ ማታ ስጠኝ» አለችው።

«እስከ ማታ። ከዚያ ይዤው እሄዳለሁ።»

የሟቹ ሚስት ቬርና ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። የጎረቤት ሴቶች ያመጡት በዶሮና በቺዝ የተጋገረ ድንች ሳይነካ ቀዝቅዟል። ዊላና እሷ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት።

«እህት ቬርና፣ ጠንከር በይ። ስታገኚው ይናገር ነበር?»

«ልብስ ማጠቢያው ጋ ነበርኩ። ስወጣ ወድቋል። ምንም አላለኝም።»

«ደረቱን ያመው ነበር እንዴ?»

«ዱዌይንን? እንደ በሬ ነበር እኮ!» መልሱ ፈጥኖ መጣ። ቬርና የመሐረቧን ጫፍ ስትጠመዝዝ ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች። «ዊላ፣ አምቡላንሱን ያ የአደጋው ኢንሹራንስ ይከፍለዋል አይደል? ከመሰላል ነው የወደቀው።»

ዊላ ጥያቄው አልገረማትም። በዚያ ከተማ ሰው ሞቶም ቢሆን መጀመሪያ የሚታሰበው ይኸው ነው። የጎማ ፋብሪካው ሲዘጋ ዱዌይን የሥራ ቤት ኢንሹራንሱን አጣ፤ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው እስኪደርስለት ሦስት ዓመት ቀርቶታል። እስከዚያ መሸጋገሪያ ብሎ ርካሹን የአጭር ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ ገዛ። ይህ ውል በየጥቂት ወሩ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ከውሉ በፊት የነበረብህን በሽታ አያውቅልህም። ቀዳዳውን ለመድፈን ሰው በላዩ ላይ ይደርባል፤ ለአደጋ ብቻ የሚከፍል አንድ፣ ለመድኃኒት ቅናሽ አንድ፣ ለጥርስ አንድ። ዊላ ራሷ ሦስት ካርድ ትይዛለች፤ አንዱም ሙሉ ሰው አይሸፍንም።

ኮርዴልን ያገኘችው ፔካን መለያው ጎተራ ውስጥ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሼሪፉ ካቴናውን ወልውሎ ጨረሰ?» አላት።

«ሊጨርስ ነው። ስለዚህ አትቀልድብኝ። የወንድምህ ልብ ደህና ነበር?»

«ባለፈው በጋ እዚሁ ቁጭ እንዳለ ላቡ በላብ ሆነ፤ ደረቱን ጨበጠ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ‹ከሄድኩ ይጻፍብኛል፤ ከተጻፈብኝ የሚቀጥለው ውል ልቤን አያውቅልኝም› አለኝ። እኔንም ቬርናንም ትንፍሽ እንዳትሉ ብሎ አስማለን።»

«ቬርናንም?»

«ከዚያ ወዲህማ አስፕሪን ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። እሱማ ይቀልድ ነበር። ‹ልቤ ካቆመ ከጣሪያ ወርውሩኝ፤ የሚከፍሉት ለወደቀ ሰው ነው› እያለ። እንስቅ ነበር፣ ዊላ። እኔም እስቅ ነበር።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «የአደጋውንም ቢሆን ሰርዞታል። ባለፈው ወር ኢንሹራንስ ሻጩ ሌስተር ቢሮ ገብቶ ሲሰርዝ መኪና ውስጥ ሆኜ ጠብቄዋለሁ። ምክንያቱን ሌስተርን ጠይቂው፤ ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል።»

ሌስተር ፕሩት ለከተማው ሕዝብ ግማሽ ለሚሆነው ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ በቀብርም በሠርግም ከረሜላ የሚያድል ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከረሜላ አላወጣም።

«ሁለቱን መክፈል አቃተው» አለ። «የአደጋውን ጥሎ የጥርስ ቅናሽ ካርድ ወሰደ፤ ለቬርና። የፊት ጥርሷ ከረገፈ ጀምሮ ሰው ፊት አትስቅም ነበር። ልጃቸው ስትዳር ትሳቅልኝ አለ። ለእሷ ግን የድሮ ፋብሪካዬ ሸፈነው ነው ያላት። ካወቀች እንደማትቀበል ያውቃላ! እኔ እንዲያውም ተው ብዬው ነበር።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ እሱና ኮርዴል።»

አመሻሹ ላይ አስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለ። ፍርፋሪው አስፕሪን ነው። ዱዌይን ከመሞቱ በፊት ልቡ ክፉኛ ታሞ ነበር፤ የገደለው ግን የራስ ቅሉ መሰበር ነው። ልቡ እየመታ ነበር፤ በጊዜው ሆስፒታል ቢደርስ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር። ዊላ ስልኩን ዘግታ መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ተቀመጠች። ማን እንደሆነ አውቃለች፤ ባላወቅሁ ብላም ተመኘች።

ሁሉንም የሃስኬት ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ቦይድ ከኮርዴል ጀርባ ቆሟል። ሌስተር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቬርና ቦታዋን አልለወጠችም።

«ዱዌይን ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች ዊላ። «አሸንዳው አልተነካም፤ ጡቡም ተገልብጧል። በጡቡ የመታው ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ሼሪፉ ትክክል ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለ ቦይድ።

«አስፕሪኑን። ምላሱ ላይ ገና አልሟሟም ነበር። ከመሰላል ለወደቀ ሰው አስፕሪን የሚያጎርስ የለም፤ ለልብ ሕመም ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ከመመታቱ በፊት አንድ ሰው ሊያድነው ሞክሯል። በዚያች አጭር ጊዜ አንዱ አጉርሶ ሌላው መጥቶ ገደለው ብል አያስኬደኝም። ያጎረሰውና የመታው አንድ እጅ ነው።»

«የሚያድን ሰው በጡብ ይመታል?» አለ ኮርዴል።

«ቁስል የሚያስፈልገው ከሆነ ይመታል። ሌስተር፣ የአደጋውን ኢንሹራንስ ስትሸጥላቸው፣ ልቡን አሞት የወደቀ ሰውስ ብሎ የጠየቀህ አልነበረም?»

ሌስተር ወደ ወለሉ አየ። «ነበረ። ልብ ከጣለው በሽታ ነው፤ እንዲከፍሉ በአደጋ የመጣ ቁስል ማየት አለባቸው አልኩ።»

«ይህን ያደረገው ሰው ሊገድል አልፈለገም። ዱዌይን ልብ ታማሚ ሆኖ ሆስፒታል ከገባ ቤትና እርሻው ለሕክምና ዕዳ እንደሚሄድ፣ ከመሰላል የወደቀ ሆኖ ከገባ ግን እንደሚከፈልለት አመነ። ያንን ሊያምን የሚችለው ደግሞ ኢንሹራንሱ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ብቻ ነው። ሌስተር አያስብም፤ ውሉን የሰረዘው በእጁ ነው። ኮርዴልም አያስብም፤ ሲሰርዝ መኪና ውስጥ ሆኖ ጠብቆታል። ካቴናውን መልስ፣ ቦይድ።» ዊላ ወንበር ስባ ቬርና ፊት ተቀመጠች። «እህት ቬርና፣ ዛሬ ጠዋት አምቡላንሱን ይከፍለዋል አይደል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ውል ካለፈው ወር ጀምሮ የለም።»

ቬርና ተራ በተራ አየቻቸው። «የለም ማለት? ዱዌይን አይሰርዝም። ለምን ይሰርዘዋል?»

ሌስተር ዓይኑን ሊሰብር ሲሞክር ሳያስበው አፏ ላይ፣ አዲሶቹ ጥርሶቿ ላይ አረፈ። ቬርና ያን አየች። እጇ ቀስ ብሎ ወጥቶ ከንፈሯን ሸፈነ።

«ደግፌው ወጣሁ» አለች በጣቶቿ መሃል። «በእግሩ ነው የሄደው፤ ወደ ጋጣ እንደሚመሩት ፈረስ ታዝዞኝ። የት እንደምወስደው አልነገርኩትም። ጡቦቹ ጋ አስተኛሁት። ቀስ ብዬ ነው የምመታው ብዬ ነበር፣ ዊላ፤ ቆዳው ብቻ እንዲሰነጠቅ። ጡቡ ከበደኝ።»

ኮርዴል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጡቡን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ሕመሙን የፈራ መሰለኝ። ‹ትንሽ ነው፣ የኔ ፍቅር፣ ዓይንህን ጨፍን› አልኩት። ደግሞ ነቀነቀ። እጄን ያዘ፣ አፉን ከፈተ፣ ትንፋሽ አጠረው።»

ዊላ ለተያዘ ሰው የሚነገረውን መብቷን ልታሰማት ተነሥታ ነበር፤ መልሳ ተቀመጠች።

«ሊነግረኝ ነበር» አለች ቬርና። «እኔ እጁን አስለቀቅሁት።»