የተዝካሩ ጤፍ

ጆንያው ከእትዬ ካሳነሽ ቤት ሲወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያያል፤ ትንፍሽ ያለ ግን አልነበረም። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ይዘውታል። አለቃቸው ጓድ ጌታሁን ጠመንጃውን አንግቦ ከኋላ ይከተላል።

«ይሄን ሁሉ ጤፍ ከየት አመጣሽው?» አላቸው። ያ እስከ ትናንት «እትዬ» ሲላቸው የነበረ አፉ!

እትዬ ካሳነሽ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። የባላቸው የአቶ ወልደጊዮርጊስ አርባ እንኳ ገና አልወጣም። ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩና አንገታቸውን ደፉ።

«የኔ ነው» አሉ።

ከጎረቤቶቹ መካከል ከእናቷ ጎን የቆመችው እሙ ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል። ጤፉ የተዝካሩ ነው፤ ሰፈርተኛው ከቀበሌ ሱቅ ከሚታደለው ራሽን ላይ በጣሳ በጣሳ እየቀነሰ ያዋጣው። የነሱን ቤት ድርሻ ተሸክማ ያደረሰችው ራሷ እሙ ናት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብላ ነበር እናቷ ስትሰፍርላት።

መዋጮ መቼም ሐዘንተኛው ቤት ይከማቻል፤ ድግሱ እዚያ ነዋ! አዋጁን ልብ ያለው ማን አለ? በድምፅ ማጉያ እየዞሩ «ድርቅ ነው፣ እጥረት ነው፤ ከራሽኑ በላይ እህል የተገኘበት ሰው ደባቂ ነው፤ እህሉ ይወረሳል፣ እሱም ይታሰራል» ሲሉ፣ የሰማ ሁሉ ለነጋዴ የተባለ መስሎት ነበር።

እትዬ ካሳነሽን ይዘዋቸው ሄዱ። ሰዉም ወደየቤቱ ገባ።

«እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?» አለች እሙ።

«ምን ልበል? ከራሽናችን ተርፎን ሰጠን ልበላቸው? የራሽን ካርዳችንን ሊቀሙን! ከዚያ ወንድሞችሽን ምን ላብላቸው? አፍሽን ሰብስቢ፣ ልጄ።»

አልጮኸችባትም። ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች። እሙ እንባዋ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። ንዴትም የለም። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደነዘዘ እግር በድን ሆኗል። ምሳ ቀረበ፤ በላች። መብላት መቻሏ ራሱ አስፈራት።

ከሰዓት በኋላ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ የክፍሏን ልጅ አልፊያን አገኘቻት።

«እኛም እኮ አዋጥተን ነበር» አለች አልፊያ በሹክሹክታ። «እናቴ ግን ብትናገሪ አንላቀቅም ብላኛለች።»

«የኔም እንደዚያው።»

«ይፈቷቸዋል ባክሽ! አሮጊት አስረው ምን ሊጠቀሙ ነው?»

«ነገ ከቀበሌ አውጥተው ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ያዛውሯቸዋል እየተባለ ነው።»

«ኧረ በአላህ!» አለች አልፊያ። ባልዲው ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ሁለቱም ቧንቧውን አልዘጉትም። ከኋላ ወረፋ የያዙት ሴትዮ «ምን ነካችሁ እናንተ!» ሲሉ ነው የነቁት።

«ባልዲዬን ቤት አድርሺልኝ» አለች እሙ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«መጣሁ።»

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓድ ጌታሁን ብቻውን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ምን ፈለግሽ?»

«እትዬ ካሳነሽ ቤት የተገኘው ጤፍ... የኛም አለበት። ለተዝካር ነው ያዋጣነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ሌላስ? እነማን አዋጥተዋል?»

«እኔ የማውቀው የኛን ነው።»

በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ይሄን ከጻፍኩት ካርዳችሁ ይያዛል። እሳቸውም ለመፈታታቸው ዋስትና የለኝም። አሁኑኑ ውልቅ ብትዪ ግን አልመጣሽም፣ እኔም አልሰማሁም።»

ከጓዳው እትዬ ካሳነሽ ሲያስሉ ይሰማል። እሙ ወደ መውጫው በር አየች። ወንድሞቿ ትዝ አሏት፤ ማታ እራት ሲጠብቁ። አሁንም እንባ የለም፣ ፍርሃትም የለም። እግሯ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

ጌታሁን ተንፍሶ እስክሪብቶውን አነሳ። «የእናትሽ ስም?»

«አጸደ መሸሻ።»

ድምፅዋ እምብዛም ስላልተሰማ ቀና ብሎ አያት። ተሳስቶ የሌላ ሰው ስም እንዳይጽፍ ቀስ ብላ ደገመችለት።